ሦስት ቁጥሩ ማሊያ

ውድ ልጄ ታሪኩ፣

ሰላምታውን ወደ ኋላ ላቆየውና መጀመሪያ የጎረቤታችንን የእማማ ይርገዱን ወሬ ልንገርህ፤ የሳቸውን ሳልነግርህ ሌላውን እንደማታነብልኝ አውቃለሁ። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተነሥቶላቸው ይኸው ያለ መሪ ቁስቋም ደርሰው፣ ተሳልመው ይመለሳሉ። ትልቋ ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ሸጋ ሸጋ ልጆች። ፋሻው የተፈታላቸው ዕለት ልጠይቃቸው ብሄድ ትክ ብለው አዩኝና፣ "ምነው የትነበርሽ፣ እንዲህ ከሳሽ?" አሉኝ። "ድሮም እንዲህ ነኝ፤ ያላዩኝ እርስዎ ነዎት" ብዬ አሣቅኋቸው። ያንተን ነገር አላነሡም። ድሮ በየቀኑ ነበር የሚጠይቁኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ሻይ ቤቱም ደህና ነው፤ ቦምቦሊኖው አሁንም እስከ ሦስት ሰዓት ያልቃል። ይኸንንም ደብዳቤ እንደ ቀደሙት አራቱ ለመተማው ሾፌር እሰጠዋለሁ። "የሚያውቀው ሰው ካገኘሁ አደርሳለሁ" ይለኛል፤ ሲቀበለኝ ግን ፊቴን አያይም። ለሰሊጥ አጨዳ ብለህ ከሄድክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ስልክህ ከተዘጋ ዓመት ከአምስት ወር።

እሑድ እኛ ቁስቋሞች ከአራዳ ቡድን ጋር ኳስ ተጫወትን። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሜዳ አልወጣም። ግን ከምድጃዬ ሳልነሣ ጨዋታውን አውቀዋለሁ። የኛ ሰው ጩኸት ከታች ከዛፎቹ ሥር ነው የሚነሣ፤ የአራዳዎቹ ከወዲያ ከአጥሩ በኩል፣ ከነጥሩምባው። ሦስቴ ከአጥሩ በኩል ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩና ሻዩን አወረድኩ። ድሮ ቢሆን እነዚህን ጥሩምባዎች በጆሯቸው ባስገባሁላቸው ነበር። አሁን ግን ዝም ብዬ ብርጭቆ ደረደርኩ።

ጨዋታው እንዳለቀ ደጋፊው ሁሉ ወደኔ ጎረፈ። አያ ባምላክ፣ ያ ጡረታ የወጣው ዘበኛ፣ እንደ ልማዱ "የቆርኪውን ጣሳ አምጪ" አለኝ። ቢጫ ቢጫውን የኛ፣ ሰማያዊውን የአራዳ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሰለፈ።

"ይኸው! አራት ከኋላ፣ አራት መሐል፣ ሁለት ከፊት። አሰላለፉ ምን ወጣለት? ሸጋ ነው።"

"ሸጋ ሆኖ ነው ሦስት የተቆጠረብን?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ሰውአገኝ። "አያ ባምላክ፣ አንተ እኮ ዘጠናውን ደቂቃ ከአራዳዎቹ ጋር ስትሰዳደብ ነው ያለቀብህ።"

"መሐሉን ተበላን! መሐል ሰው አልነበረንም!" አለ አንዱ።

"ኧረ ኳሱን የያዝነው እኛ ነን!" አለ ሌላው።

"ይዘህ ምን ሠራህበት? ልታሳድገው ነው?"

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ሰውአገኝ ግን አልሣቀም፤ ጎንበስ ብሎ ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ቢጫ ቆርኪ በጣቱ ፈነጠረው። ከምድጃዬ ሥር ገባ።

"ሦስቱም በዚህ ገቡ! በዚህ በአንድ በር! ተከላካያችን የሻው ምን ያርግ? ቀኝ እግረኛ ነው። ግራ እግሩ ለመቆሚያ እንጂ ለሌላ አልተፈጠረችለትም። ኳሷን ወደ ቀኙ እስኪያዞር የአራዳው ልጅ ቤቱ ደርሶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ግራ እግረኛ የለንም እንዳንል፣ አለኸኝን የሚያህል ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ..."

ይኼኔ ሻይ ይዤ ደረስኩ። ሰውአገኝ ነገሩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን ተቀበለኝ።

"ሻይሽ ሸጋ ነው፣ የትነበርሽ" አለኝ አያ ባምላክ። ገና አልቀመሰውም።

ብርጭቆ ላጥብ ከቆርቆሮው ጀርባ ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ አሰልጣኛችሁ ወንድምአገኝ መጣ። ስድቡን ሁሉ ቆሞ ሲቀበል ይሰማኛል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቆርቆሮ ግን ምን ይደብቃል።

"የታሪኩ ሦስት ቁጥር ማሊያ ከእናቱ ቤት ነው ያለው" አለ። "ሄጄ፣ የልጅሽን ልብስ ከሣጥን አውጪልኝ ልበላት? ልብስ አውጪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቷችሁ ነው?"

አንተም ታውቀዋለህ። እኛ ዘንድ የሄደ ሰው ልብስ ከሣጥን ወጥቶ ሰው ፊት የሚዘረጋ ለቅሶ ላይ ነው።

"ሌላ ቁጥር አታለብሰውም?" አለው ሰውአገኝ።

"ቁጥሩ አይደለም፤ ቦታው ነው። ባለፈው ልምምድ ላይ አለኸኝን እዚያው የታሪኩ ቦታ ላይ አቆምኩት። እሷ ከወፍጮ ስትመለስ በሜዳው ዳር አለፈች። ቆማ አየችው። ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ወዲያ እጄ አልሄደልኝም። እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም። ብንሸነፍም እንሸነፍ።"



ልጄ፣ ያን ዕለት መቆሜን አስታውሳለሁ። ዱቄቱ ከብዶኝ ነው። ትከሻ ለመቀየር ነው የቆምኩት። ማንንም አላየሁም። ይኸውልህ፣ በኔ ትከሻ ምክንያት ቁስቋም ይኸን ያህል ጊዜ በቀኝ እግረኛ ግራውን ሲከላከል ኖሯል።

የፈላው ውኃ እጄ ላይ ሲወርድ ነበር ለካ። ቆዳው ቀልቶ ሳየው ነው ያወቅሁት። አላቃጠለኝም፤ አሁንም አያቃጥለኝም።

አንተ ስትሄድ የሆነውንም ልጻፈው። ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ወንድምአገኝ ለትልቅ ቡድን ሙከራ ሊወስድህ ነበር፤ አንተም ልትቆይ ፈልገህ ነበር። እኔ ግን፣ "ኳስ የሚያበላ ቢሆን አያ ባምላክ ባለጸጋ ነበር" ብዬ ቀለድኩብህ። ሣቅህ። ሣቅህና በነጋታው ማኪና ተሳፈርክ። ማሊያህ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ገና አልደረቀም ነበር። ሲደርቅ አጥፌ ከሣጥኑ ከተትኩት። በአራቱም ደብዳቤ ይኸን ልጽፍ አስቤ ስለ ቦምቦሊኖ ጽፌ ነው የዘጋሁት።

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና ሣጥኑን ከፈትኩ። የሳሙናው ሽታ እንኳ ለቆታል። ማሊያውን ይዤ ወጣሁና ከነቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ሁሉም ብድግ አሉ። አያ ባምላክ እንደ ለቀስተኛ ጋቢውን ሊያዘቀዝቅ እጁን ሲሰድ አየሁት።

"ተቀመጡ!" አልኳቸው። "ማን ሞተ ብላችሁ ነው የምትነሡ? አንተ ወንድምአገኝ፣ ልምምድ ላልመጣ ተጫዋች ቦታ ተይዞ የሚጠበቅለት የት አገር ነው? ይኸን ለአለኸኝ ስጠው። ልጄ ሲመጣ ታግሎ ያስለቅቀው። መታገል ካቃተው ወንበር ላይ ይቀመጥ።"

ወንድምአገኝ ማሊያውን ለመንካት እንኳ ፈራ።

"እትዬ የትነበርሽ አሰልጣኝ ይሁኑልን!" ብሎ ሰውአገኝ ጮኸ። ሁሉም ሣቁ፤ አያ ባምላክ እየሣቀ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። እኔም ከአፌ ብቻ ሣቅሁ።

እንዳትቀየመኝ። ሞተሃል ብዬማ ቢሆን ማሊያህን አቅፌ እቀመጥ ነበር እንጂ ለማንም አልሰጥም። ግን አልዋሽህም፤ ስዘረጋው ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛውን ጠረግሁ። ሰውአገኝ የፈነጠረውን ቆርኪ ከምድጃው ሥር አውጥቼ ጣሳው ውስጥ መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው እንደ ድሮው ስምህን ይጠራልኛል። እማማ ይርገዱ ትናንት፣ "ታሪኩ ደወለ?" አሉኝ። "አልደወለም" አልኳቸው። "ይደውላል" አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አለኸኝ መጣ። ማሊያውን ለብሶት ነው የመጣ። ትከሻው ላይ ጠቦታል፤ አንተ ቀጭን ነበርክ። ቀጭን ነህ። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልጠጣም፤ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

"እትዬ፣ ለታሪኩ ይጽፉለታል ሲሉ ሰማሁ" አለኝ።

"አዎ፣ እጽፍለታለሁ" አልኩት።

"እንግዲያ ይኸን ይጻፉልኝ። ቦታውን በዋዛ አልለቅለትም። የሚፈልግ ከሆነ ይምጣና ይቀማኝ" አለ።

ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ።

እናትህ የትነበርሽ
ጎንደር፣ ቁስቋም