ግመል ጠፍታለች የሚለው ፖስተራችን

ሰኞ፣ ግንቦት 1። ማታ።

ዛሬም ፖስተር። ከምሳ በኋላ ጀምሬ የፊልማችንን ተዋናዮች፣ ሂቦንና ዮናስን፣ ጀርባ ለጀርባ ሳጣብቅ ዋልኩ። ደብተሬ፣ አንቺ ሲኒማ ስለማታውቂ ልንገርሽ፦ ፊልሙ የፍቅር ከሆነ ወንዱና ሴቷ ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። እሷ ሰማይ ታያለች፣ እሱ እኛን ያያል። ከጥግ ላይ ሱፍ የለበሰ ሀብታም አባት ይቆጣል። ከርዕሱ ፊደላት አንዷ ልብ ትሆናለች። ቀይ ቀለም እንደ ጉድ። የዘውጉ ደንብ ነው ይላል ማሃድ። (ዳይሬክተራችን ነው። ከዚህ በኋላ ማ. ብዬ ነው የምጽፈው፣ እጄ ደክሟል።) ማ. ያደገው በሶማሊኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም በሚያሳይ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፤ የልጅቷ ሻርፕ በነፋስ ካልበረረ ፍቅር አይመስለውም።

የእኛ ፊልም ደግሞ ሀብታም አባት እንኳ የለውም። አንድ ጎረምሳ ልጅቷ ቤት ደጅ ለመቀመጥ ሰበብ ያጣል፤ ግመሌ ጠፋችብኝ፣ እየፈለግኩ ነው ይላል። ግመሏ አልጠፋችም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ጠዋት አቶ ጌትነት፣ የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው፣ ጠርተውን ነበር። እንዳለፈው ጊዜ ለባዶ ወንበር ካሳያችሁ የፊልም ክበባችሁን ክፍል ለጠረጴዛ ቴኒስ እሰጣለሁ አሉ። ሻይ እየጋበዙን ነው ያሉት፣ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፍሉ ሄደ ማለት ኮምፒውተሩ ሄደ። ኮምፒውተሩ ሄደ ማለት ቀጣዩን ፊልም የምመራበት ተራዬ ሄደ። ስንት ጊዜ የሌላ ሰው ካሜራ ተሸክሜ የጠበቅኩት ተራ! ቅዳሜ ግንቦት 13 አዳራሹ መሙላት አለበት። ከዚያ ወዲያ ፈተና ነው፣ ከዚያ ረመዳን። ሌላ ቀን የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 3።

ፖስተሮቹ ተበሉ። የምሬን ነው። እማዬ ከሱቅ የሰጠችኝን ዱቄት አፍልቼ ነበር የለጠፍኩት፤ የከተማው ፍየል ተጠራርቶ መጣ። ሂቦ ከአንገቷ በላይ የለችም። የዮናስ ፂም ተርፏል።

እሱስ ይሁን። ያናደደኝ ያልተበሉት ናቸው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንዱን ግድግዳ ስጠብቅ አረፈድኩ፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ተደገፈውና ከጫማው ጠጠር አራገፈ። ሰው ምን ያድርግ? ከሩቅ ሲያየው ያውቀዋል። ጀርባ ለጀርባ፣ ቀይ፣ ልብ። አንብቦ የጨረሰውን ነገር ለምን ያነባል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4። ከሰዓት 10።

አገኘሁት! አገኘሁት ደብተሬ!

ከፖስተራችን አጠገብ በእስክሪብቶ የተጻፈች ወረቀት አለች። መታወቂያ ጠፍቶብኛል፣ ያገኘ ይደውልልኝ። ሰው እየቆመ ያነባታል። አንዲት ጫት ሻጭ ጎረቤቷን ጠርታ አስነበበቻት። ለጠፋ ነገር ሁሉም ይቆማል!

ስለዚህ፦ ፍቅር የለም፣ ፊት የለም፣ ቀይ የለም። ግመሏን ከፊልሙ ላይ ቆርጬ አወጣኋት፣ ከጎን፤ አንገቷ ላይ የተተኮሰው ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሁለት መስመርና አንድ ቀለበት። ከላይ በአማርኛም በሶማሊኛም «ጠፍታለች»። ከስር የእኔ ስልክ። ፊልም መሆኑ፣ ቀኑና አዳራሹ ከታች ጫፍ ላይ በትንንሽ ፊደል። የፍቅር ፊልም በፍለጋ ማስታወቂያ! ደንቡን ሰብሬዋለሁ።

ሂቦ ፊቷ በመቅረቱ አኮረፈች። ማ. አየውና፣ እኛ ዘንድ በጠፋ ግመል ማንም አይቀልድም አለኝ። ለዚያ ነው የሚሠራው አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ሳቀ። ተስማማ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6። ጠዋት።

ትናንት ሲለጠፍ ዋለ፣ በፕላስተር። (ፍየሎች፣ አዝናለሁ።) ዛሬ ስልኬ አላርፍ አለ!

በሶማሊኛ ነው የሚደውሉት። የእኔ ሶማሊኛ የሱቅ ሶማሊኛ ነው፣ ስኳርና አቡጀዲ ለመሸጥ የምትበቃ፣ ግን ገባኝ። ወተት ነበራት ወይ? ግልገሏስ? በየት በኩል ሄደች? ምን ዓይነት ተመልካች ነው! አብረውን ይጫወታሉ እኮ! እኔም ተጫወትኩ። ወተት አላት አልኩ። ግልገሏ እያለቀሰች ነው አልኩ። አንድ ድምፃቸው የሻከረ ሽማግሌ ከደገሀቡር ደውለው አቅጣጫዋን ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ወደ ባቢሌ አልኳቸው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ ብለው ዘጉ። እንዴት ያለ ትወና!

ክፍሉ የእኛ ነው። ቀጣዩን ፊልም ስመራ እየታየኝ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

ሰኞ፣ ግንቦት 8።

ማንም እየተጫወተ አልነበረም።

ሀጂ ሙሁመድ ወደ እማዬ ሱቅ መጡ። ግመሏን ለቀረጻ ያዋሱን ናቸው፣ የከተማው ዳር ነዋሪ። ከሦስት ቀን ወዲህ ዘመድ አዝማድ እየደወለ ያጽናናቸዋል። ደህና ናት፣ ግቢዬ ታስራለች ቢሉ ማን ይመን፤ ሐዘን ነው ያስቀባጠራቸው ይላሉ። በመጨረሻ ራሳቸውም ተጠራጥረው፣ ከፀሎት ተነስተው፣ በባትሪ አይተዋታል። እያመሰኳች ነበር።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም፣ ምክንያቱም ሀጂ አይስቁም። ምልክቱ የእሳቸው ቤት ምልክት ነው። ያንን ምልክት ያየ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ተነስቶ መፈለግ አለበት። ፖስተሩን አንዱ በስልክ አንስቶታል፣ ሌላው ለሌላው ልኳል፣ ሲላላክ ደግሞ የታችኛው ጫፍ ተቆርጦ ቀርቷል። ፊልም የሚለው ጫፍ። ከደገሀቡር ሰው ወጥቷል። እስከ ኤረር የሄደ አለ። አቅጣጫውን ማን ነገራቸው ብለው ሀጂ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

እኔ ነኝ አልኩ። ወደ ባቢሌ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሀጂ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። ወደ ባቢሌ የሄዱት ወንድማቸው ናቸው፣ እስማኤል፣ እግራቸውን የሚያማቸው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በግመል ክፍፍል ተጣልተው አይነጋገሩም። ስልክ አልያዙም፤ ያን ቀንም በሰው ስልክ ነው የደወሉት። ያ የሻከረ ድምፅ! ምርቃቱ ጆሮዬ ላይ አለ። አፈርኩ፣ ደብተሬ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ማ.ን ጠርቼ የቻልነውን ያህል ፖስተር ቀደድን። አዳራሹ ባዶ መሆኑ ነው። ይሁን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9። ማታ።

ግመል ፈላጊውን ፍለጋ ወጣን። እኔ፣ ማ. እና ሀጂ፣ በሚኒባስ፣ የካራማራን ተራራ አልፈን።

ባቢሌ ገበያ ለውዝ ሻጮቹን ጠየቅን። ግመል የጠፋባቸው ሽማግሌ? ሁሉም ያውቃቸዋል። መስጊዱ አጠገብ፣ ዛፍ ስር፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል፤ የአንድ ጎረምሳ ስልክ ይዘው ላለፈ ላገደመ የግመሏን ምስል ያሳያሉ። ወንድማቸውን አዩ። አልተነሱም። ሀጂም አልቀረቡም።

ማ. ሊናገር ሲል እኔ ልንገራቸው አልኩ። በዚያች የሱቅ ሶማሊኛዬ ነገርኳቸው። ፊልም ነው፣ እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው፣ አልጠፋችም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ቤቷ ናት? ቤቷ ናት አልኩ። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የተቆጡኝ። ሲቆጡኝ ደግሞ ገበያው ሁሉ ሰማ። ይገባኛል፣ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ስንመለስ የኋላው ወንበር ላይ ግራዬ ሀጂ፣ ቀኜ እስማኤል። ማ. ከፊት ተቀምጦ የተኛ መሰለ፣ ፈሪ! የዳካታን ሸለቆ ሳናልፍ እስማኤል ወደ እኔ ዞረው፣ ንገሪው፣ ገመዷን አጥብቆ ነው የሚያስራት፣ በምስሉ አይቻለሁ አሉኝ። ሀጂ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ነገርኳቸው። ሀጂ፣ ንገሪው፣ ላልቶ ነው የታሰረው፣ ዓይኑ ደክሟል አሉ። ነገርኩ። ንገሪው፣ ዓይኔስ ደህና ነው። ንገሪው፣ እግሩ ግን አብጧል፣ ዛሬ እኔ ቤት ይደር። ንገሪው፣ የማድረው ግመሏን ለማየት ነው። እኔ እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ። ሳቄን ስውጥ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ካራማራ ስንደርስ ደግሞ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11።

ሀጂ ወሰኑ። በየበረሃው ለወጣው ሰው አንድ በአንድ መንገር አይቻልም፤ በማስታወቂያ ያጠፋችሁትን በማስታወቂያ አቅኑ። ትክክል ናቸው። እሺ አልኩ፣ ግን ምን ተብሎ?

ሳስበው ዋልኩ። ለካ የፍለጋ ማስታወቂያም ዘውግ ነው። ደንብ አለው። ጀርባ ለጀርባ የቆሙት ሁለቱ «መጨረሻ ላይ ይጋባሉ» ብለው ቃል እንደሚገቡት፣ «ጠፍታለች» የሚለው ደግሞ ከአንባቢው ቃል ይቀበላል፤ ያነበበ ይነሳል። እኔ የቀዩን ቀለም ደንብ የሰበርኩ መስሎኝ የሰዎችን እግር ነው ያንከራተትኩት።

አዲሱ፦ ያችው ግመል፣ ያው ምልክት፣ ያው አቀማመጥ፣ የታወቀው ሁሉ እንዳለ። ከላይ «ተገኝታለች»። ከስር፣ እኩል በሆነ ትልቅ ፊደል፣ «ፊልም ላይ ናት፤ አልጠፋችም ነበር፤ ቅዳሜ አዳራሽ መጥታችሁ እዩዋት፣ ይቅርታም እንጠይቃለን»። ፊልም የሚለውን ግመሏ ሆድ ላይ ጻፍኩት፣ ማንም ቆርጦ እንዳይጥለው። ሀጂ አይተው፣ ይህኛው የሰው ሥራ ይመስላል አሉ። ሂቦ አሁንም ፊቷ የለም፣ አሁንም አኩርፋለች።

እሁድ፣ ግንቦት 14። ጠዋት።

ትናንት! ከየት ልጀምር።

ሞላ። ሞልቶ ፈሰሰ። ሽርጥ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ ፊት ወንበር ላይ። ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ የጫት ሻጯ ከነጎረቤቷ። አቶ ጌትነት ወንበር አጥተው በሩ ጋ ቆመው አዩ።

መጀመሪያ መድረክ ላይ ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም። ፊልሙ ተጀመረ። ግመሏ ስትታይ ጭብጨባ! ሂቦና ዮናስ ሲያወሩ ማጉረምረም። ማ. በጣም የደከመበት የዓይን ለዓይን ትዕይንት ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ ልጆቹ ይቆዩንና ግመሏ ውሃ ጠጥታለች ወይ ብለው ጠየቁ። ማ. ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መጨረሻ ላይ ጎረምሳው ግመል አልጠፋብኝም፣ ሰበብ ነው ብሎ ሲናዘዝ፣ እኛ ሰው ይስቃል ብለን ነበር። አዳራሹ ዝም አለ።

መብራት ሲበራ ማንም አልተነሳም። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን አዙረው ጎረምሳውን ለፍርድ ተቀመጡ! የፊልሙን ጎረምሳ! ማ. በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። በግመል የዋሸ ካሳ ይክፈል፤ የልጅቷ አባት ያበሉትን ይቁጠሩ፤ ግን ልጅቷ ወዳዋለች ወይ? ሂቦን አስነስተው ጠየቋት። ወድጄዋለሁ አለች፣ ቀልታ። ፊቷን ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶት አያውቅም። ኩርፊያዋ አለቀ። ለጎረምሳው ቀለል ያለ ካሳ ተፈረደ።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። እሱ የዋሸው አንድ ቤት ነው፣ እናንተ አገር ዋሽታችኋል። ፍርዱን የተናገሩት እስማኤል ናቸው፦ ለፍለጋ ወጥቶ ዛሬ መምጣት ያልቻለ ሁሉ ድካሙ ይካስ። ደገሀቡርም ኤረርም ድረስ ፊልማችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በነፃ አሳዩ፣ ይቅርታውንም እዚያው ጠይቁ። አዳራሹ በሙሉ እሺ አለ።

ቅጣት ነው ደብተሬ። የየትኛውም ክበብ ዳይሬክተር በሕልሙ የማያገኘው ቅጣት!

እሁድ፣ ከሰዓት 11።

አቶ ጌትነት ቁልፉን ዛሬውኑ ሰጡኝ። ለጠረጴዛ ቴኒስ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ከፈተና በኋላ ቀጣዩን ፊልም የምመራው እኔ ነኝ፤ ማ. ካሜራ ተሸካሚ ለመሆን ፈርሟል። ከዚያ በፊት ግን ቅጣቱ። የደገሀቡሩን ፖስተር ጨርሻለሁ።

ስልክ መጣ። እስማኤል፣ በሀጂ ስልክ፣ ከሀጂ ቤት። ደገሀቡር ስንሄድ አብረውን ሊመለሱ ነው፤ ወንድማቸውም እንዲመጡ ፈልገዋል። ንገሪው አሉኝ። ሀጂ የት ናቸው አልኩ። እዚሁ፣ ግመሏን እያለቡ። ከበስተጀርባ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማኛል።

ዛሬ አላስተላልፍም አልኳቸው። አዴር፣ አጎቴ፣ ራስዎ ይንገሯቸው።

የዘጉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ፣ ጆሮዬን እስኪያደነቁረኝ ድረስ፣ ወንድማቸውን በስማቸው ጠሩ። የወተቱ ድምፅ ቆመ።

እኔ ዘጋሁት።