በመምህርቷ በር ላይ ያንኮራፋሁ ዕለት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። “ደህና ነኝ” ስል እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ የዛሬውን ግን እመኚኝ፣ ማስረጃ አለኝ።

ከጡረታ በኋላ ሥራ መያዜን እህትሽ ሳትነግርሽ አልቀረችም። የአእምሮ ጤና ክሊኒኩ እንደኔ ታመው የዳኑ አዛውንቶችን ቀጥሮ፣ ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ እኩዮቻቸውን ያስጠይቃል። በደመወዝ ነው እንግዲህ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

የደረሰችኝ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። በሯን ከውስጥ ቆልፋ ሰው አላስገባም ካለች ሰንብታለች። ወንድሟ ደግሞ “እስከ ቅዳሜ ካልከፈተች ሰብሬ ገብቼ ሆስፒታል አስገባታለሁ” ብሎ ምሏል። እኔም ታምሜ ዘግቼ ሳለሁ በሬ የተሰበረ ዕለት ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ በጣም ፈራሁላት።

መጀመሪያ ቀን በቁልፉ ቀዳዳ “አይዞሽ፣ ያልፋል” እያልኩ ሰበክኳት። “ሂጂልኝ!” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ያኔ “አይዞሽ” ባዩን ሁሉ ዓይኑን ማየት አልፈልግም ነበር። ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ ዝም ብዬ መቀመጥ ያዝኩ።

ትናንት ታዲያ ጉድ ሆንኩ። ሥራ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ! ማንኮራፋቴን ታውቂው የለ? ስነቃ በሩ ወለል ብሎ፣ መምህርቷ በቢጃማ ትከሻዬን ትነቀንቃለች።

“አንቺ ሴትዮ! ድምፅሽ ድንገት ሲቋረጥ የሞትሽ መስሎኝ እኮ ነው!”

“አልሞትኩም። ውሃ ይኖርሻል?”

“ግቢ እንግዲህ” አለችኝ እየተነጫነጨች።

ብዙም ሳናወራ ተቀምጠን ዋልን። ዛሬ ክንዴን ይዛ በገዛ እግሯ ክሊኒክ ሄደች። ወንድሟ ሲያያት አለቀሰ። እኔም እፎይ አልኩ። ነርሷ ብቻ “በሥራ ሰዓት መተኛት ክልክል ነው” ብላ ገሠጸችኝ፣ ሳቋ እያመለጣት።

ልጄ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሳስብ የነበረው አንቺን ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከበሬ ውጭ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለሽ ስታጠኚ፣ ገጽ ስትገልጪ እሰማሽ ነበር። መክፈት አቃተኝ እንጂ መኖርሽንስ አውቅ ነበር። ከውጭ መቀመጥ እንዲህ እንደሚከብድ ግን አላወቅኩም።

እህትሽ ዛሬም ስልክሽን ትራስሽ ሥር አድርገሽ እንደምትተኚ ነግራኛለች። ከእንግዲህ አጥፍተሽ ተኚ። ቀን ደግሞ አትደውዪ፣ ሥራ ላይ ነኝ።

ያልተኛሽባቸውን ሌሊቶች ሁሉ ፈጣሪ በጣፋጭ እንቅልፍ ይካስሽ።

ደመወዝተኛዋ እናትሽ