በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጫማ ማውለቅ ስለ መከልከሉ

ለክቡር አቶ ኤልጉጃ፣
የላይኛው ሸለቆ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ? ጽሕፈት ቤትዎ ያለበት ፎቅ ካፖርት የሚያስወልቅ ሙቀት እንዳለው ሰምቼ ከልብ ደስ ብሎኛል። እኛ ላጨታ መንደር ላይ በረዶው እስከ መስኮታችን ደርሷል፤ ቢሆንም የክፍላችን የማገዶ ምድጃ ሳይጠፋ፣ እኔም ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል በአንድ ጣራ ሥር የማስተምራቸው ዐሥራ ሁለት ልጆችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ደህና ነን ያልኩት ደብዳቤዎ እስኪደርሰን ድረስ የነበረውን ነው። ማኅተሙ ከጽሑፉ ገዝፎ በሚታይ በዚያ ደብዳቤዎ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጫማና ካልሲ ማውለቅ እንዲቀር፣ ከእንግዲህ በላኩልን መመሪያ ብቻ እንዳስተምር፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ኤንድዘላም “ቁጥር መማር የማትችል” ተብላ በወረዳው ከተማ ወደሚገኝ ልዩ ክፍል እንድትዛወር አዘዋል። እርስዎ የሚመሩት አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሐሙስ መጥቶ እኔ የመዛወሪያ ወረቀቷ ላይ እንድፈርም፣ ካልፈረምኩም ቦታዬን ለሌላ እንድለቅ ይላል። ለብቻዎ ለጻፍኩልዎ ደብዳቤ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እዚህ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እግር ያለን መሆናችንን ስለ ደረሱበት አመሰግናለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ላማራ ባለፈው ወር በራችንን ሳያንኳኩ ከፍተው ሲገቡ ያዩት ነገር እንዳስደነገጣቸው አልክድም፤ ዐሥራ ሁለት ልጆች ባዶ እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ የስምንት ዓመቷ ኤንድዘላም በመካከላቸው እየዞረች ጣቶቻቸውን በእርሳስ ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች። ወይዘሮ ላማራ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ይዘው “በስመ አብ! ይሄ ትምህርት ቤት ነው መታጠቢያ ቤት?” ሲሉ፣ እንጨት የሚፈልጡልንና ምድጃውን የሚያነዱልን ጋሽ ባድሪ፣ እሳቸውም ባዶ እግራቸውን ከጥግ ተቀምጠው ነበርና፣ “ትምህርት ቤት ነው እመቤቴ፤ ይግቡና በሩን ይዝጉልን፣ ጣቶቻችን ቀዘቀዙ” አሏቸው። ለዚህ መልስ ጋሽ ባድሪን ገሥጫቸዋለሁ፤ ከልቤ እንዳልነበረ ግን እሳቸውም ያውቃሉ።

የተቆጣጣሪዋ ሪፖርት “ንጽሕና የጎደለው” ይላል። የኤንድዘላ እናት ፒክሪያ ይህን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት “ኧረ ይቺን ሴትዮ እግዜር ይባርካት! ይቺን ልጅ በዓል ካልመጣ እግሯን አሳጥቤያት አላውቅም ነበር፤ አሁን ሒሳብ አለን እያለች ጠዋት ጠዋት ሳሙናዬን ጨረሰችው” ብላለች። ሳሙናውን በተመለከተ ጽሕፈት ቤትዎ ምን ሊረዳት እንደሚችል ቢያስቡበት መልካም ነው።

እግሩ ለምን አስፈለገ ለሚለው፣ ክቡርነትዎ ዘወትር በመቶኛ ስለሚናገሩ እኛ ተራ ሰዎች እንዴት እንደምንቆጥር ረስተውት እንደሆነ እሰጋለሁና ላስታውስዎ። እኛ በቋንቋችን የምንቆጥረው በሃያ ነው፤ እናትዎም እንዲሁ ነበር የቆጠሩልዎት። ስድሳን ሦስት ሃያ እንለዋለን፤ ዘጠና ሰባትን ደግሞ አራት ሃያና ዐሥራ ሰባት። ልጆቻችን ይህን ከጡት ጋር ጠጥተውት ያድጋሉ፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን መጽሐፉ በዐሥር በዐሥር ጻፉ ይላቸዋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገሩ የሚነግራቸው የለም። ኤንድዘላ መጀመሪያ አራት ሃያና ዐሥራ ሰባት ጻፊ ስትባል ጆሮዋ የሰማውን በታማኝነት አስቀመጠች፤ ለአራቱ ሃያ 80 ጻፈች፣ ከጎኑ 17 ደረደረች፣ 8017 ሆነ። ስምንት ሺህ ዐሥራ ሰባት! ወይዘሮ ላማራ ይህን ከአሮጌ ደብተሯ አግኝተው በቀይ አክብበው ለእርስዎ ላኩት። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው የሚነገረውን በጥሞና የሚሰማ ልጅ ነው። ሳይሰማ የሚጽፍ ልጅ ቢሆንማ ምን ተስፋ ነበረኝ?

ሁለተኛ፤ ስለ ላኩልን መመሪያ እጅ እነሣለሁ። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። ልጆች እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው፣ ሳይነጋገሩ፣ ጣት ሳይቆጥሩ፣ ሰዓት ተይዞባቸው እንዲመልሱ ያዛል። የጻፉት ሊቅ፣ ልጅ በዐይናቸው አይተው ያውቁ እንደሆን በትሕትና መጠየቅ እወዳለሁ።

እኛ የምናደርገው ግን እንዲህ ነው። በክፍላችን አንድ ሙሉ ሰው ሃያ ነው፤ እጁ ዐሥር፣ እግሩ ዐሥር። አራት ልጆች ይቀመጡና ሁለት እጃቸውንም ሁለት እግራቸውንም ያነሣሉ፤ አራት ሃያ ማለት ይህ ነው፣ በዐይን ይታያል። ስንት ዐሥር አለ ብዬ ስጠይቅ፣ የእጁንም የእግሩንም ቆጥረው ስምንት ዐሥር ይሉኛል። ከዚያ አምስተኛው ልጅ ይመጣና ለዐሥራ ሰባቱ ሁለት እጁንና ሰባት የእግር ጣቱን ያበድረናል፤ አሁን ዘጠኝ ዐሥርና ሰባት ትርፍ አለን፣ ይኸው 97። በማግሥቱ ይህንኑ በእርሳስ ይሥሉታል፤ ሰው ሳይሆን መስመርና ነጥብ ብቻ። ሥዕሉ ሲሰለቻቸው ቁጥሩን ብቻ ይጽፋሉ፤ እኔ ሥዕሉን ተዉት አልልም፣ ራሳቸው ይተዉታል። አራተኛ ክፍል የደረሱት ልጆቼ ለራሳቸው ሒሳብ ጫማ ማውለቅ ከተዉ ቆይተዋል፤ አሁን የሚያወልቁት ለታናናሾቻቸው ጣት ለማበደር ነው። ጫማ ያላወለቀ እግሩ አይታይምና በዐሥር ብቻ ይቆጠራል፤ ይህ ሕግ እኔንም ይመለከተኛል።

መቀነስ ስንማር ደግሞ ጋሽ ባድሪን እንጠራለን። እሳቸው በወጣትነታቸው ጫካ ውስጥ ብርድ ሁለት የእግር ጣታቸውን ወስዶባቸዋል፤ ስለዚህ በክፍላችን ጋሽ ባድሪ ማለት ሃያ ሲቀነስ ሁለት ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ዐሥራ ስምንትን “አንድ ባድሪ” ይሉታል። እሳቸውም “ይሄ እግር ዕድሜዬን ሙሉ ሲያስነክሰኝ ኖሮ በስተርጅና መምህር ሆኖ አረፈው” እያሉ ይኩራራሉ፤ ደመወዝ እንዲጠይቁበት እየመከርኳቸው ነው።

አንድ ልጅ ሲሳሳትም ሰሌዳው ላይ የጻፈውን አላጠፋበትም። “እንዴት አሰብሽው?” እላለሁ፤ ታስረዳለች፤ ሌሎቹ ይከራከሯታል፤ ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫል። ወይዘሮ ላማራ “ሥርዓት የለሽ ጫጫታ” ብለው የጻፉት ይህንን ነው። እውነታቸውን ነው፣ ይንጫጫሉ፤ የሚንጫጩት ግን በሒሳብ ነው። የጸጥታን ጥቅም የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኛ ማገዶ ስንጠይቅዎ ምን ያህል ጸጥ እንደሚሉ አይተናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሰዓቱ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥረኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወይዘሮ ላማራ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ በታብሌት የሚሰጥ ፈተና ይዘው መጡ፤ ጥያቄ ይመጣል፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ካለፈ ይጮኽና ስሕተት ብሎ ይመዘግባል። ለኤንድዘላ አራት ሃያና ዐሥራ ሰባት ጻፊ የሚለው መጣላት። ልጅቷ ጣሪያውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ጋሽ ባድሪን አየች። ታብሌቱ ጮኸ። እሷ ግን ጩኸቱን ከቁብ ሳትቆጥር፣ በዚያው ቀስ ባለ እጇ 97 ብላ ጻፈች። እኛ የራቻ ተራራ ሰዎች ቀርፋፋ ነን እየተባለ በመላ አገሪቱ ሲቀለድብን መኖሩን ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ ቀልዱ በመንግሥት ገንዘብ በመሣሪያ ተሠርቶ ይመጣብናል ብለን ግን አልጠበቅንም።

ወይዘሮ ላማራ፣ ሐቁን ልናገርና፣ “ቆይ እስቲ፣ እንዴት አወቅሽው?” ብለው ጠየቋት። ኤንድዘላም “አራት ሰው ከነእግራቸው አስቀመጥኩ። አምስተኛ ጋሽ ባድሪን ጨመርኩ። ከሳቸው ላይ ደግሞ አንድ ጣት አጠፍኩ፣ አያማቸውም” አለቻቸው። ክቡር ሆይ፣ ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ወደ መቶ ጠጋ ብላ፣ ሁለቱን የጎደሉ ጣቶች ቆጥራ፣ ሦስተኛውን ራሷ ቀንሳ መመለስን ከራሷ ጭንቅላት ነው ያወጣችው። እኔ እንባዬ መጣ፤ ወይዘሮ ላማራም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ። ሪፖርታቸው ላይ ግን “ከተፈቀደው ጊዜ ውጭ፤ ቁጥርን ከሰው አካል ለይታ ማሰብ አልቻለችም” ተብሎ ተጻፈ። ሳቁ የት እንደቀረ አላውቅም። ምናልባት ቅጹ ላይ ቦታ አልተተወለት ይሆናል።

ደብዳቤዎ ከመጣ ወዲህ ኤንድዘላ ስትቆጥር እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትደብቃለች። ትናንት ሁሉም ከወጡ በኋላ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ “መምህርት፣ እዚያ የሚወስዱኝ ደደብ ስለሆንኩ ነው?” አለችኝ። እስቲ እርስዎ ምን ይሏት ነበር? እኔ ጎንበስ ብዬ ሌላውን ክር አሰርኩላት። እናቷ ፒክሪያ በበኩሏ “በዚህ በረዶ ልጄ ሰው ቤት ልታድር? ካልሲዋን ማን ያደርቅላታል? ወስደው ያዩኛ!” ብላለች። የመጨረሻውን ቃል እንዴት እንዳለችው በጽሑፍ ማስተላለፍ አልችልም፤ ሐሙስ ሲመጡ በአካል ታሰማዎታለች።

አራተኛው ስለ ማገዶ ነበር፤ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር አቶ ኤልጉጃ፣ ውለታዎን ይህን ያህል ከዘረዘርኩ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። አልፈርምም። ሐሙስም አልፈርምም፣ ከሐሙስ በኋላም አልፈርምም፤ ብዕር ቢያስጨብጡኝ 8017 ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ከሥራዬ ማባረር ሥልጣንዎ ነው፤ የስንብት ደብዳቤዬ ይድረሰኝና ቤቴ እሄዳለሁ። ግን ቤቴም ምድጃ አለው፣ ለዐሥራ ሁለት ልጅ የሚበቃ አግዳሚ ወንበርም አለው፣ በቤቴ ውስጥ ማን ጫማውን እንደሚያወልቅ የሚወስን መመሪያም እስካሁን አልደረሰኝም። ያቺ ልጅ ጣቷን ሳትደብቅ እስክትቆጥር ድረስ ከዚህ መንደር አትወጣም። ይህን የምለው በፍጹም አክብሮት ነው።

ሐሙስ ስትመጡ በክብር እንቀበላችኋለን። የቦሎቄ ዳቦ ይጋገራል፣ ጋሽ ባድሪም ደረቁን እንጨት ለዚያ ቀን አስቀምጠዋል። ትምህርቱን የምትሰጠው ኤንድዘላ ናት፣ ሰዓት አይያዝም። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ሲመጡ ያልተቀደደ ካልሲ እንዲያደርጉ በወዳጅነት እመክራለሁ፤ ልጆች ናቸው፣ ያዩትን ይናገራሉ።

የክቡርነትዎን ጤና፣ ዕድሜ፣ የቢሮዎንም ሙቀት እግዚአብሔር ያብዛልዎ እያልኩ፣ በትእዛዝዎ ሥር ለጥቂት ቀናት የምቆይ፣

ታማኝ አገልጋይዎ
ማቅቫላ ጺክላውሪ
የላጨታ መንደር መምህርት፣ ባዶ እግሯን

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለልጆቹ ሳነብላቸው፣ ኤንድዘላ እጇን ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ አንድ ሒሳብ ሠርታለችና እንዳደርስልዎ አደራ ብላኛለች። ኮሚቴው አራት ሰው ነው። ጫማ ያላወለቀ ሰው በክፍላችን ዐሥር ብቻ ነው፣ ሙሉ ሰው ደግሞ ሃያ። ስለዚህ “ጫማቸውን ሳያወልቁ ከገቡ፣ አራቱም ተደምረው ሁለት ሰው ናቸው” ትላለች። ሰዓት አልያዝንባትም፤ መልሱን ግን አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው።