ባለሹሩባዋ ልጅ

ማርሊስዬ፣

የበርን ከተማ ዝናብ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። የእኛ መንደር በረዶ ቢያንስ ዝም ይላል፤ ይሄ ግን ሲነዘንዝ ይውላል። እማዬን ከቀበርን በኋላ እጄ የገቡትን ሁለት ቭሬኔሊዎች፣ እኔና እህቴ ሬጉላ ክርስትና ስንነሳ የተሰጡንን፣ ባለሹሩባ ልጅ የተቀረጸችባቸውን የወርቅ ሳንቲሞች፣ ዛሬ ለአንድ ሽማግሌ ሳንቲም ነጋዴ አሳየሁ።

የሬጉላ ሳንቲም፣ እሷ በሦስት ዓመቷ ከሞተች ወዲህ፣ ከእማዬ አንገት ወርዶ አያውቅም። ሽማግሌው በማጉያ መነጽር አየውና ከንፈሩን መጠጠ።

«ምነው እመቤቴ፣ ይቺን ልጅ ምን አደረጋችኋት? ሹሩባዋም አፍንጫዋም የለም እኮ! ሰው በጣቱ ሲያሻት ኖሯል። ሰብሳቢ ዞር ብሎም አያያት፣ ለማቅለጥ ካልሆነ።»

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣም፣ ድንች እስኪበስል ስትጠብቅም፣ አውራ ጣቷ እዚያች ፊት ላይ ነበር። አንቺም አይተሻታል።

ቀጥሎ የእኔን፣ ከተሰጠኝ አርባ ዓመቱ መሆኑን ነግሬ፣ ከነሳጥኑ ሰጠሁት። ፊቱ በራ።

«እቺን ነው ማየት! ሹሩባዋ እንኳ ክር በክር ይቆጠራል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ አልነካትም። እንኳን ደስ ያለዎት!»

አመሰግናለሁ አልኩት።

የእኔን እዚያው ሸጬ ወጣሁ። የሬጉላ አንገቴ ላይ ናት፤ የእማዬ ጣት ያሰረጎደው ቦታ ለእኔም ጣት ልክ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባልሽን ኡርስን ሰላም በይልኝ። ሴቶች ልጆችሽን ዕቀፊልኝ፤ ሁለቱንም፣ እኩል።

ኤልስቤት