ነፋሱን እንጂ ዘለበቱን አልፈርምም

ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሚንሃ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ብዙ አመነታሁ። የምታነብልሽ እህትሽ መብሩካ ናት፤ እሷን ደግሞ ልትጠይቅሽ ስትመጣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አናግሬያት አላውቅም። መብሩካ፣ ጽሑፌ ከተሳከረብሽ እንዳትስቂብኝ።

ሚንሃ፣ ሥራ አገኘሁ። የት መሰለሽ? አንቺ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ልትጨርሺ ስትይ አብረን የሄድንበት፣ ከዓለም ገና ወዲያ ያለው ጀልባ ያለበት መዝናኛ።

ያን ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ እንኳን ጀልባ ላይ ልወጣ፣ ያን ያህል ውሃ አንድ ቦታ ተኝቶ አይቼ አላውቅም ነበር። የጀልባው ኃላፊ፣ ሽማግሌው ኦቦ ዲሪርሳ፣ ለተሰለፈው ሁሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጣሉ፤ ሰውም እንደቆመ እየፈረመ ያልፋል። እኔም ልፈርም ስል ክንዴን ያዝሽኝ።

"ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! "ጀልባው ላይ ለሚደርስብኝ ማንኛውም ጉዳት፣ በድርጅቱ ቸልተኝነት የደረሰ ቢሆንም እንኳ፣ ድርጅቱን ላልጠይቅ ተስማምቻለሁ" ይላል። "ቸልተኝነት" የምትለዋን ሁለቴ ጀምሬ ነው የጨረስኳት።

"ኧረ ፍጠኑ፣ የቤት ሽያጭ ውል አደረጋችሁት እንዴ!" አለ አንዱ ከኋላችን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ ግን ፊትሽን ወደ ሽማግሌው አዞርሽ።

"ኦቦ ዲሪርሳ፣ ነፋስ ቢነሳ የማን ጥፋት ነው?"

"ነፋስማ የዋቃ፣ የፈጣሪ ነው፣ ልጄ። ማን ይዞት!"

"ይሄስ?" ብለሽ የሰጡሽን ላይፍ ጃኬት አነሳሽ። ጣቶችሽ ከትከሻው ጀምረው ቀስ እያሉ እስከ ማሰሪያው ወረዱና ቆሙ። ዘለበቱ ተሰብሯል። እኔ በሁለት ዓይኔ እያየሁት አላየሁትም።

"ነፋሱን እፈርማለሁ፤ ውሃ ላይ የምወጣው ራሴ ፈልጌ ነው። ዘለበቱን ግን አልፈርምም። እሱ የእናንተ ጥፋት ነው።"

ሳቁ ቆመ። ያ ቀልደኛ እንኳ የራሱን ዘለበት መነካካት ጀመረ። ኦቦ ዲሪርሳ ሌላ ጃኬት አመጡልሽ። የቸልተኝነቱን ነገር በእኔ እጅ አሰረዝሽና ፈረምሽ።

ውሃው መሃል ላይ ሞተሩን ሲያጠፉት እጅሽን ውሃው ውስጥ ነክረሽ፣ "ሶያማ፣ ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም እንዴ?" አልሽኝ። እኔ የማየው ውሃውን አልነበረም፣ አንቺን ነበር። አንዲት ልጅ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ በአንድ ጥያቄ ያን ሁሉ ሰው ልታቆም እንደምትችል አላውቅም ነበር።

አሁን ያን ወረቀት የማስፈርመው እኔ ነኝ። ኦቦ ዲሪርሳ ዛሬ ሲያዩኝ፣ "የዚያች ጠያቂ ጓደኛ አይደለሽ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ማንበብ የለም፣ እሺ? ሰው ይፈራና ይመለሳል። አስፈርሚ፣ አሳልፊ" አሉኝ።

"እሺ ኦቦ" አልኩ። ታውቂኝ የለ፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን እችላለሁ።

ማታ ጃኬቶቹን ስሰቅል ግን ያ ዘለበቱ የተሰበረው ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰው ከነልጆቹ ይመጣል። ይሄን ሥራ ካጣሁ ልጀምረው ያሰብኩት የማታ ትምህርትም ይቀርብኛል። ይሄን እያሰብኩ ራቴን እንኳ አልበላሁም።

ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዱን ጃኬት እንዳንቺ ከትከሻው እስከ ዘለበቱ እዳስሳለሁ። የተሰበረውን ኦቦ ዲሪርሳ እጅ ላይ አስቀምጬ፣ "ይሄ የእኛ ነው" እላቸዋለሁ። ከዚያ ወረፋው ሲጀምር፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም፣ ወረቀቱን ለመጀመሪያው ሰው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

"ቸልተኝነት" የምትለዋን ሳልሰናከል ለማለት አሁን እየተለማመድኩ ነው።

ያንቺዋ ሶያማ