እኛ ያልቀመስናት ዶሮ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ምግቡስ፣ የዚያ አገር ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ይህን የጠየቅሁሽ እማ አጠገቤ ተቀምጣ «ጤናዋን ጠየቅሃት?» ስላለችኝ ነው። ጠየቅኋት አልኋት። ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አልጽፈውም። ደህና አይደለንም።

በዓብደላ መኪና የላክሽው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ደረሰን። ዓብደላ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሙሔ ዱዓ አደረገ፣ ደብዳቤውን በእጄ አስጨብጦኝ ወደ ጭነቱ ሄደ። ለእማ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «የአላህ ውሳኔ ነው፣ ጽኑ» የምትለውን አነበብሁ፤ እስክታለቅስ ጠበቅኋት። ከዚያ ከሥሩ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስጂ፣ የመመረቂያ ጥናታችሁ ከሁሉ እንደ በለጠ፣ መምህራኑ ተነሥተው እንዳጨበጨቡላችሁ ጽፈሻል። ለወንድምሽ ጥቂት መስመር፣ ለጥናትሽ ሙሉ ገጽ። እማ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ዓይኗን በሻሿ ጠራርጋ «አልሐምዱሊላህ፣ ልፋቷ ሜዳ አልቀረም» አለች። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ብቆይ ኖሮ ደብዳቤሽን እፊቷ እቀድደው ነበር።

ሙሔ እንዴት እንደ ሞተ በዝርዝር ጻፍልኝ ብለሻል። እጽፍልሻለሁ። ግን ከሐይቁ አልጀምርም። ከዶሮዋ ነው የምጀምረው።

ጥር ላይ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞችሽ ጋር ስትመጡ ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። በሽተኛ የያዙ፣ ባል በሚሊሺያ የዘመተባቸው፣ ረዳት የሌላቸው ቤተሰቦች ከመንግሥትና ከጎረቤት ምን ድጋፍ እንደሚያገኙ ልታጠኑ ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ሲያስተዋውቃችሁ እኔ ከወጣቶቹ መሐል ተነሥቼ አጨበጨብሁ። «ያቺ እህቴ ናት» ብዬ አጠገቤ ላለው ሁሉ ተናገርሁ። የራስን ቤት ማጥናት አይፈቀድም ተብሎ አንቺን ዓባይ ማዶ መደቡሽ። እኛ ቤት አስናቀ መጣ። የጎረቤታችን የብርጓል ቤት ለዚያች መነጽር ለምታደርገው ለእናትዓለም ደረሳት።

አስናቀ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሌሊት እኛ ጋር አደርሽ። ከእማ ጋር ጓዳ ገብታችሁ የተባባላችሁትን አልሰማሁም። ጠዋት ስነሣ ግን ቤታችን የሰው ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። የእነ ሰዓዲያ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። የእነ ሰዓዲያ ባለአበባ ሳህን ተደርድሯል። ሙሔ የሚተኛበት መደብ ላይ የእነ ሰዓዲያ ብርድ ልብስ ተዘርግቷል። አባባ ከሞተ ወዲህ እማ የእነ ሰዓዲያን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ሰዓዲያ የማን ጓደኛ እንደ ሆነች ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም።

ከሁለቱ ዶሮዎቻችን አንዷ ተያዘች። እንቁላላቸውን እየሸጥን ጨውና ሳሙና የምንገዛባቸው ዶሮዎች ናቸው። እንግዶቹ ክርስቲያን ስለሆኑ እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ ስለዚህ ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥዬ የብርጓል ዘንድ ወሰድኋት። የሰፈሩ ዲያቆን በስመ አብ ብሎ አረዳት። የብርጓል በራሷ ድስት፣ በራሷ ማማሰያ ሠራቻት።

እናትዓለም ለጥናቷ የብርጓል ቤት ስትገባ ዶሮዋ እሳት ላይ ነበረች። የብርጓልን ታውቂያታለሽ። ባሏ ከዘመተ ወዲህ ወሬው የለም። ልጇ ፀሐይወርቅ እንደ ሙሔ የሚጥል በሽታ አለባት። ሽሮ ስታገኝ ለልጇ ሰጥታ እሷ ድስቱን የምትጠርግ ሴት ናት። «ይቺ ዶሮ የጎረቤቴ የነፊሳ ናት» ብትል የእማን ገመና አደባባይ ማውጣት ሊሆንባት ነው። ዝም አለች። እናትዓለምም ያየችውን ጻፈች።

ከዚያ የብርጓል ወጡን ይዛ ወደ እኛ መጣች። አስናቀ ክፉ ልጅ አይደለም። ሙሔን «ጓድ ሙሔ! አንተ መቼ ነው የምትዘምተው?» እያለ ሲያስቀው ነበር። ሙሔ የእኔን ጫማ አድርጎ ምንጣፉ ዳር ተቀምጧል። አስናቀ ጥያቄውን ሲያበዛበት «አንተ ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ አላልህም እንዴ? ምንም ሳታውቅ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው። ሳቅን። ወጡ ሲቀርብ ደግሞ «ጋሼ፣ እንዳታንጠባጥብ፤ ምንጣፉ ነገ ይመለሳል፣ የእነ ሰዓዲያ ነው» አለው። አስናቀ ከሁሉ ይልቅ የሳቀው በዚህ ነው። «ይሄስ ዋና ቀልደኛ ነው!» ብሎ ጭንቅላቱን ዳበሰው። እማም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጁ እውነቱን ነግሮት እኮ ነው፣ እታለም። እውነቱን ነግሮት ሁላችንም ሳቅንበት።

አስናቀ «እናንተስ አትበሉም?» ብሎ ጠየቀ። እማ «የእኛማ በጓዳ አለ፤ እናንተ ብሉ፣ እኛ በኋላ እንደርሳለን» አለችው። በጓዳ የነበረው ጭብጥ የማይሞላ ቆሎ ነው። አስናቀ ግን ለክርስቲያኑ አንድ ወጥ፣ ለእስላሙ ሌላ ወጥ የሚሠራበት ቤት የገባ መሰለው። «ምን ይጎድልባችኋል፣ እናቴ?» ሲላትም እማ «አልሐምዱሊላህ፣ ጎረቤቱም ሰዉም አለን፣ ምን ጎድሎብን!» አለች። የተረፈውን ወጥ የብርጓል ይዛው ሄደች። እኛ ዶሮዋን አልቀመስናትም። ሙሔ ማታ ላይ «ሌላዋንም ለእንግዳ ነው የምናርዳት?» ብሎ ጠየቀኝ።

አስናቀ የሩቅ አገር ልጅ ነው፣ አላወቀም ልበል። አንቺስ? የሁሉም ቤት ወሬ አንድ ላይ ሲደመር የእኛንም አይተሻል። እማ «ምን ጎድሎብን» የምትለው መቼ መቼ እንደ ሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አባባ በሞተ ሰሞን፣ የምንበላው ጠፍቶ ጎረቤት ሲያበላን እንኳ ለለቀስተኛው እንዲያው ነበር የምትለው። አንቺ ያን ጊዜ እጇን ይዘሽ ስታለቅሺ ነበር። እኮ እንዴት ዝም አልሽ?

መጋቢት ላይ፣ ጥናታችሁ ገና ሳይጠረዝ፣ አጭር ግልባጩ ለቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ በእሑድ ስብሰባ አነበበው። «በሰፊው ሕዝብ የመረዳዳት ባህል የተነሣ የመንግሥት ድጋፍ የማያስፈልጋቸው ቤተሰቦች» ብሎ ስም ጠራ። ነፊሳ ተባለ። የብርጓል ተባለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ወደ እማ ጠጋ ብለው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሳንሰማ ከበርቴ ሆነሻል፤ ቤትሽን እንዳይወርሱብሽ!» ብለው ቀለዱባት። የሙሔ የነጻ ሕክምና ወረቀት በዚያው ቀረ። የፀሐይወርቅም ቀረ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ሙሔን በስሙ ያውቀዋል። «ወረቀቱን አሳድሰህ አምጣ፣ የኔ ወንድም። ያለ ወረቀት ብሰጥህ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። ወደ ቤት ተመልሼ እማን ቀበሌ ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው አልኋት። «ልጄን ውሸታም ላሰኛት? ከጓደኞቿ ፊት ላዋርዳት? ተመርቃ ትውጣልኝ፣ ከዚያ ሁሉም ይስተካከላል» አለች። ለመንኋት። ጮኽሁባት። በሕይወቴ እማ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «ትመረቅ» አለችና ፊቷን አዞረች።

መድኃኒቱ ሲያልቅ ያዘነችልን የብርጓል ናት። ወረቀቱ ከመቅረቱ በፊት ለፀሐይወርቅ የተሰጣት ክኒን ገና ነበራት። በቢላዋ እየከፈለች ግማሹን ለልጇ፣ ግማሹን ለሙሔ ታደርግ ጀመር። ግማሽ ክኒን ለሁለቱም አልሆነም። ከመንፈቅ አንዴ ይጥለው የነበረው ሙሔ በሳምንት ውስጥ ይደጋግመው ጀመር። ፀሐይወርቅም እሳት ዳር ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሙሔ ከሰፈር ልጆች ጋር ደንገል ወደሚታጨድበት የሐይቁ ዳር ወረደ። እማ ውሃ ዳር እንዳትደርስ ትለው ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን እስከ መቼ ይታሰራል? ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን እየደፈቁ ማን ትንፋሹን አብዝቶ ይይዛል ብለው ሲወዳደሩ ነበር። ሙሔ ሲደፋ ተራው መስሏቸው ቆጠሩለት። ገባሽ? እየቆጠሩለት ነው የሞተው። አንደኛው ትንሽ ልጅ ሲያለቅስ «አሸነፈ ብለን ነበር» አለኝ። ታንኳ ይዞ የሚያልፍ ሰው አውጥቶ በትከሻው አመጣው። ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርነው።

ስለዚህ «የአላህ ውሳኔ» አትበይኝ። አላህ የወሰነውን እቀበላለሁ። እናንተ ተሰብስባችሁ የወሰናችሁትን ግን በአላህ አታላክኪብኝ።

እማ ሙሔ ሳይውጣቸው የቀሩትን ግማሾች በጨርቅ ቋጥራ ለፀሐይወርቅ እናት መለሰችላት። ፀሐይወርቅ አሁን የምትውጠው እነሱን ነው። እነሱም ሊያልቁ ነው። አንቺ ጥቁር ካባሽን ሳትለብሺ ያልቃሉ።

ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ እማ ተነሣች። እማ! በስብሰባ ላይ ሳል እንኳ የምታፍነዋ ሴት። ሊቀ መንበሩን «ጓድ፣ ዛሬውኑ ቤቴን እዩልኝ፤ ሳታስታውቁኝ ኑ። ያን ቀን የነበረው ምንጣፍ የእኔ አይደለም። ሳህኑም የእኔ አይደለም። የብርጓል እሳት ላይ የነበረችው ዶሮ የእኔ ናት፤ እሷም እኔም ሌላ ወጥ አልነበረንም። የእኔስ ልጅ ሄደ። የእሷን ልጅ ወረቀት መልሱላት» አለችው።

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ነፊሳ፣ ያኔ ዋሽተሽ ከሆነ ዛሬ እውነት መናገርሽን በምን እንወቅ?» አላት። የሳቀ ሰው ነበር። ማን እንደ ሳቀ አይቼዋለሁ፣ አልረሳውም። ከዚያ «ይህ የተማሩ ሰዎች ያጠኑት ጥናት ነው። ስሕተት አለበት የሚባል ከሆነ ያጠኑት ራሳቸው መጥተው ተሳስተናል ይበሉ፤ ያን ጊዜ ኮሚቴው ያየዋል» ብሎ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

እንግዲህ የሚፈለገው ሰው አንቺ ነሽ። አስናቀና እናትዓለምም ቢመጡ ጥሩ ነው፤ ባይመጡ ግን አንቺ ትበቂያለሽ። ምናልባት ምርቃትሽን ይከለክሉሽ ይሆናል። ምናልባት ያ ጭብጨባ ወደ ስድብ ይዞር ይሆናል። አዝንልሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የሚቀጥለው ስብሰባ ሰኔ 20 ቀን እሑድ ነው። ዓብደላ ይህን ደብዳቤ ያመጣልሻል፤ ሲመለስ ጋቢና ውስጥ ቦታ እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። «ትመጣለች?» ብሎ ጠይቆኝ አላውቅም አልሁት።

እማ ይህን ሁሉ እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለች። አሁንም «ምን ያህል ሰላምታ ነው የምትጽፈው?» እያለችኝ ነው። ለአንቺ ናፍቆቷን፣ ለአስናቀና ለዚያች ባለመነጽር ልጅም ሰላምታዋን ጻፍ ብላኛለች። እንግዶቼ ናቸው ትላለች። አላህ ከፈተና ይጠብቅሽ፣ ያገርሽን አፈር በሰላም ያስረግጥሽ፣ እውቀትሽን የሚጠቅም ያድርግልሽ ብላ መርቃሻለች። አሚን ብያለሁ። እኔም በራሴ አላህ ልብሽን እንዲያጸናልሽ፣ ምላስሽንም እንዲፈታልሽ እለምንልሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሑድ ከስብሰባው ስንወጣ እማ መንገድ ላይ ቆመች። የደከማት መስሎኝ ክንዷን ያዝኋት። ዙሪያዋን አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስሟን አላነሣሁም አይደል?» አለችኝ።

አላነሣሽም፣ እማ፣ አልኋት።

ሰኔ 20 ካልመጣሽ በስብሰባው የምነሣው እኔ ነኝ። እንደ እማ አልምርሽም።

የሙሔ ወንድም