የእጅ መታጠቢያውን ገዳይ ያገኙት እህታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዋ እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው በመሞታቸው ያሳደጓቸው፣ ያስተማሯቸውና ይህን ጽፈው የሚያነቡላችሁ በዐሥራ አራት ዓመት የሚበልጧቸው ብቸኛ ወንድማቸው፣ ጡረተኛው የግብረ ገብ መምህር ናቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ወንድማቸው በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በዚያ ዘመን ተማሪ ክፍል ከመግባቱ በፊት መዳፉንና ጥፍሩን ያስመረምር ነበር። ሟች ከኩሬ ዝቃጭ እየዛቁ በብርጭቆ ማስቀመጥ ይወዱ ስለነበር እጃቸው ጠርቶ አያውቅም። ወንድማቸውም አድልዎ እንዳይባል ሌላውን ልጅ በማስመሪያ አንድ ጊዜ ሲመቱ እሳቸውን ሁለት ጊዜ ይመቱ ነበር። ይህ ተገቢ ነበር። በክፍል ፊት ያወጡላቸው «ጭቅቅት» የሚል ቅጽል ስምም ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ ተከትሏቸዋል።

ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቀው በትልቁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ፋርማሲስት አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው የተለዩአቸው በሞት አይደለም፤ «ማይክሮስኮፕ አግብታ እኔን ለምን ጠራችኝ» ብለው ሄዱ። ሟች በእናታቸው ቀብር ዕለት እንኳ በማሞቂያ ሣጥን ያስቀመጧቸውን የባክቴሪያ ሳህኖች ሊያዩ ከለቅሶው መካከል ተነሥተው ሄደዋል። ወንድማቸው ይህን ይቅር አላሉም፤ ዛሬም አላሉም።

ስማቸውን ያስጠራው ግኝት የመጣው በዐርባ ዓመታቸው ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የተኙ ሕሙማን ቁስላቸው እያመረቀዘ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞቹ እጃቸውን አብዝተው በታጠቡ ቁጥር የሚሞተው ሕመምተኛ በዛ። እህታችን ገዳዩን ባክቴሪያ ያገኙት ከራሱ ከእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ነው። ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ከመውረጃው እየነጠረ የታጠበውን እጅ መልሶ ይበክለው ነበር። ከዚያ በፊት በሳይንስ የማይታወቅ ፍጥረት በመሆኑ ስም የማውጣት መብቱ የእሳቸው ሆነ። የወንድማቸውን ስም ሰጡት። በጉባኤ ፊት ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ «ንጽሕና በሚሰበክበት ቦታ ተደብቆ ይኖራል፤ በሳሙናም በምክርም አይመለስም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ወንድማቸው ስሙ እንዲቀየር ለዓመታት ጠየቁ። የሙያው ሕግ አንዴ የወጣን ስም ተቀየምኩ ላለ ሰው ብሎ አያነሣም። ሟችም፣ «ጋሼ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይኸው አዋልኩልዎት» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም።

ባለፈው ወር የሐሞት ጠጠር ሊወጣላቸው እዚያው ሆስፒታል ተኙ። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ከአልጋው አጠገብ ያለውን መታጠቢያ ማንም እንዳይከፍት፣ ጠያቂ ሁሉ እጁን በአልኮል እንዲያሽ አስጠንቅቃ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ወንድማቸው ሊጠይቁ ሲገቡ ሟች ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩኝ። ጥፍርም» አሉ። አገላብጠው አዩና፣ «ቆሽሿል» ብለው ስፌቱ እስኪያማቸው ሳቁ። አልኮል የሰነፍ መታጠቢያ ነው። ወንድማቸው እህታቸው እስኪያሸልቡ ጠብቀው ቧንቧውን ከፈቱ፤ እስከ ክርናቸው ድረስ በሳሙና ታጠቡ፤ ከዚያም ከስፌቱ ላይ የተንሸራተተውን ፋሻ በገዛ እጃቸው አስተካከሉ።

በሦስተኛው ቀን ሟችን ትኩሳት ያዛቸው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ይዘው ወጥተው የባክቴሪያውን ስም ሲናገሩ ወንድማቸው የተጠሩ መስሏቸው «አቤት» አሉ። በኮሪደሩ የሳቀ አልነበረም። ሟች ሲነገራቸው ዐይናቸውን ወደ መታጠቢያው አዙረው፣ «ታጥበው ነው የመጡልኝ» አሉ። ማክሰኞ ንጋት ላይ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትናንት ልጃቸው ወደ ወንድማቸው ቀርባ፣ «አጎቴ፣ የገደላትን በስሙ ይጠሩታል። እርስዎ ካልጠሩት እኔ ተነሥቼ እጠራዋለሁ» አለች። ዐርባ ዓመት እውነት ተናገሩ ሲል የኖረ መምህር በቀብር ላይ አይዋሽም። የገደላቸው ባክቴሪያ ስም በፊታችሁ ቆሞ ይህን የሚያነበው ሰው ስም ነው።

ሟች አንዲት ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ በየሆስፒታሉ ፍሳሽ መውረጃም የማይሞት አንድ ስም ትተዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ምሕረትን፣ ለስሙም ዕረፍትን ይስጥ።